የደረጃ ሠንጠረዡን ፎቶ አታድርጉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅና ለስፖርት ዝግጅት ክፍል፣

የስፖርት ዓምዳችሁ በወረቀት ሲነበብ ደህና ነው። ወደ ድረ ገጽ ሲዞር ግን የደረጃ ሠንጠረዡ ከጋዜጣው ገጽ ተቆርጦ እንደ ፎቶ ይለጠፋል። በስልክ የሚከፍተው አንባቢ በሁለት ጣቱ ያሰፋዋል፤ ሲያሰፋው የክለቡ ስም በግራ ይወጣል፣ ነጥቡን ለማየት ወደ ቀኝ ሲገፋ ደግሞ ነጥቡ የማን እንደሆነ ይጠፋበታል። ይህን የምንጽፈው አዲስ አፕ ይሠራላችሁ ለማለት አይደለም። አሁን ባለው ገጽ ላይ አንድ ባለሙያ በጥቂት ቀናት ሊያስተካክላቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ ትንንሽ ቢመስሉም አንባቢው ውጤቱን በትክክል ማንበብ አለማንበቡ የሚወሰነው በእነሱ ነው።

ከፎቶው እንጀምር። የ18 ክለቦች ሠንጠረዥ በጽሑፍ ሲሠራ ከ10 ኪሎባይት አያልፍም። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ ኤይት (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት የተለመደ ደንብ) አንዱ 3 ባይት ይወስዳል፣ የላቲኑ 1 ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የ18ቱ ክለቦች ስም ሲደመር አንድ ኪሎባይት እንኳን አይሞላም። ፎቶው ግን ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ኪሎባይት ነው፣ ካርድ ሞልቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። ዓይነ ስውር አንባቢ የሚጠቀምበት ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር ፎቶውን «ምስል» ብሎ ያልፈዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፎቶ ቀኑን ይዞ አይሄድም፦ የ9ኛ ሳምንት ሠንጠረዥ በ13ኛው ሳምንት በቴሌግራም ሲዞር ታገኙታላችሁ፣ ሥሩ ላይ ደግሞ የጋዜጣው ስም አለ። በማኅበራዊ ገጽ ላይ የግድ ፎቶ መለጠፍ ካለበት «እስከ 9ኛ ሳምንት» የሚለው ጽሑፍ ከፎቶው ሥር ሳይሆን ፎቶው ውስጥ፣ ከክለቦቹ ስም በላይ ይግባ። ሰው ፎቶ ሲያጋራ የሥሩን ጽሑፍ አብሮ አይወስድም።

ሠንጠረዡ ጽሑፍ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስፋት ነው። በብዛት በሰው እጅ ያሉት ስልኮች ስክሪን በድረ ገጽ ሥራ ሲለካ 360 ፒክስል አካባቢ ስፋት አለው። ከግራና ቀኝ 12፣ 12 ፒክስል ኅዳግ ሲተው 336 ይቀራል። አሥር ዓምድ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ፊደሉን ያሳንሳል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሲያንስ ከላቲኑ ቀድሞ ይበላሻል። በ12 ፒክስል «ሕ» እና «ሐ» አይለዩም፣ «ጨ» ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ከ15 ወይም 16 ፒክስል አትውረዱ። ስለዚህ በስልክ ላይ የሚታዩት አምስት ዓምዶች ብቻ ይሁኑ፦ ለደረጃ 28 ፒክስል፣ ለክለብ ስም 148፣ ለተጫወተው 44፣ ለግብ ክፍያ 52፣ ለነጥብ 64። ድምሩ ልክ 336 ነው። ያሸነፈው፣ አቻ የወጣው፣ የተሸነፈው፣ ያገባውና የገባበት ረድፉ ሲነካ ከሥሩ ይዘርጋ። ረድፉ 48 ፒክስል ያህል ቁመት ይኑረው፣ ከዚያ ካነሰ ቡናን ሲነኩ መድን ይከፈታል።

በዓምዶቹ ራስጌ ላይ የሚጻፉት ምኅጻረ ቃላትም ችግር አለባቸው። «አሸ» እና «ተሸ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ «አገ» እና «ገባ» የሚሉት ደግሞ ያገባውንና የገባበትን ለመለየት ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃሉ። ሁለቱን አንድ ዓምድ አድርጎ «31-18» ብሎ መጻፍ ቦታም ይቆጥባል፣ እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ሁሉ የቱ ያገባው የቱ የገባበት እንደሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል።

የክለብ ስም ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ያለው ስህተት የእኛው አገር ብቻ ነው። ከውጭ የተገዛ ወይም በነፃ የወረደ የሠንጠረዥ አብነት ስሙ ሲረዝም ከቀኝ በኩል ቆርጦ ሦስት ነጥብ ያደርጋል። «ማንቸስተር ዩናይትድ» እና «ማንቸስተር ሲቲ» ላይ የሚደርሰውን ሁሉም ያውቃል፣ የእኛ ግን ይብሳል፦ ኢትዮጵያ ቡና፣ ኢትዮጵያ መድን፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሦስቱም «ኢትዮጵያ…» ሆነው ይቀራሉ። ቆረጣው ከግራ ይሁን ቢባል ኢትዮጵያ ቡናና ሲዳማ ቡና ሁለቱም «ቡና» ይሆናሉ፤ «ከተማ» የሚል ቅጥያ ያላቸውን ክለቦች ቁጥር ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። መፍትሔው ደጋፊው አፍ ላይ አለ። ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ ባንክ፣ መድን፣ መቻል፣ ፋሲል፣ ሲዳማ፣ ድቻ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባህር ዳር፣ አርባ ምንጭ። ለእያንዳንዱ ክለብ በዳታቤዙ ውስጥ «ሙሉ ስም» እና «አጭር ስም» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ክፈቱና አጭሩን ሰው በእጁ ይሙላው፤ ለኮምፒውተሩ መቀስ አትተዉለት። 18 ስም መሙላት የአንድ ሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ስለዚህ አጽንዖት የሚሰጠው በፊደሉ ውፍረት ነው። ነገር ግን በስልኩ ላይ ያለው የግዕዝ ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ከሆነ ብራውዘሩ የራሱን የውሸት ድምቀት ይሠራል፣ ያኔ የ«ሠ» እና የ«ጠ» ክፍተቶች ይደፈናሉ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የተለያየ ውፍረት ያለው ነፃ ፎንት ከገጹ ጋር መላክ ይህን ያስቀራል። አሃዞቹም እኩል ስፋት ያላቸው ይሁኑ። አለበለዚያ 11 ከ40 ጠቦ የነጥብ ዓምዱ ይወላገዳል፤ በሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ በሚጻፍበት ቋንቋ) ውስጥ ለዚህ የተሠራ የአንድ መስመር ትዕዛዝ አለ።

ቀለምን በተመለከተ አጭር ነው። ያለፉትን አምስት ጨዋታዎች በአረንጓዴና በቀይ ነጥብ ማሳየት የተለመደ ሆኗል። ቀይና አረንጓዴን መለየት አለመቻል በተለይ በወንዶች ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ የስፖርት ገጽ አንባቢ ማን እንደሆነ ደግሞ ግልጽ ነው። ነጥቡ ውስጥ ላሸነፈ «አ»፣ ለተሸነፈ «ተ»፣ ለአቻ «=» ይጻፍበት። ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ የምትወዱ ከሆነ ንጽጽሩ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው አለ።

ሠንጠረዡ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ይነግራል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሁለት ክለቦች በነጥብ እኩል ሲሆኑ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መጀመሪያ የሚታየው የግብ ክፍያ ነው፣ በስፔን ላሊጋ ግን እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ይቀድማል። አንድ ዓይነት አብነት ለሁለቱም ሊጎች የሚጠቀም ገጽ ላሊጋው ላይ ሲደርስ «ይሄ እንዴት ከዚያ በላይ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። እኩል ነጥብ ባለበት ረድፍ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጉና ሲነካ «በእርስ በርስ ግንኙነት» ወይም «በግብ ክፍያ» ይበል። ተስተካካይ ጨዋታ ያለውን ክለብም እንዲሁ። «12 ተጫውቷል» ከሚለው አሃዝ ላይ ሌላው 13 መሆኑን አይቶ ተስተካካይ እንደሚቀረው ማስላት የአንባቢው ሥራ መሆን የለበትም።

የጨዋታ ውጤትም ሁለት አሃዝ ብቻ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ዋልያዎቹ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2-0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ የደርሶ መልሱ ድምር 5-5 ነበር፤ ካርቱም ላይ 5-3 ተሸንፈው ነበርና ያለፉት ከሜዳቸው ውጪ ባስቆጠሩት ሦስት ግብ ነው። «ኢትዮጵያ 2-0 ሱዳን» ብሎ የሚያቆም ማኅደር ዛሬ ለሚያነበው ወጣት ግማሹን ታሪክ ይደብቃል። ከውጤቱ ሥር አንድ መስመር ማስታወሻ የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል፦ «ድምር 5-5፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ግብ»፣ «በመለያ ምት 4-3»፣ «በፎርፌ»። ይህ ቦታ ከሌለ ጋዜጠኛው ማስታወሻውን የክለቡ ስም ውስጥ ይጽፈዋል፣ ያኔ ኮምፒውተሩ አዲስ ክለብ የተመሠረተ ይመስለዋል።

ፎርፌ ካነሳን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ቦትስዋናን ከሜዳዋ ውጪ 2-1 አሸንፋ ነበር፤ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች በመሰለፉ ፊፋ በኋላ ውጤቱን ለቦትስዋና 3-0 አደረገው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የድሮውን ውጤት አጥፍቶ አዲሱን መተካት ስህተት ነው። 2-1 ተሰርዞ ይታይ፣ ከጎኑ 0-3 ይጻፍ፣ የውሳኔው ቀን ይጨመር። የትናንቱን ገጽ ያየ ሰው ዛሬ ሌላ አሃዝ ሲያገኝ ጋዜጣው የተሳሳተ እንዳይመስለው።

አትሌቲክስ ላይ ይህ ነገር በአንድ ቀንም ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. መስከረም በቪየና ማራቶን ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ሆኖ ገባ፣ ጥቂት ቆይቶ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ የተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር ነው። በዓመታት የሚዘገይም አለ፦ በቤይጂንግ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ሦስተኛ የነበረችው መሠረት ደፋር፣ ሁለተኛ የወጣችው ሯጭ በዶፒንግ ስትሰረዝ የብር ሜዳሊያው ወደ እርሷ ዞሯል። እያንዳንዱ ውጤት ላይ «ጊዜያዊ» ወይም «የጸደቀ» የሚል ምልክት ማስቀመጥ አንድ ቃል ነው የሚፈጀው። ጋዜጣውን ከብዙ ማስተባበያ ያድነዋል።

አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ፣ የሚበዛው ጥፋት ያለው እዚህ ነውና። በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 27:18.20፣ ፖል ቴርጋት 27:18.29 ገቡ። እነዚህን አሃዞች ኤክሴል ውስጥ ሳታስቡ ብትጽፏቸው የመጨረሻው አሃዝ ይበላል፦ 27:18.2 እና 27:18.3 ሆነው ይታያሉ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር መሰናክል ለሜቻ ግርማ በ8:01.36 ሁለተኛ የወጣው በ8:01.35 ከገባው ከኬንያዊው ኮንሰስለስ ኪፕሩቶ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ተበልጦ ነው፤ ወደ አንድ አሃዝ ሲጠጋጉ ሁለቱም 8:01.4 ናቸው፣ አንባቢውም ወርቁ ለምን ለአንዱ እንደተሰጠ አይገባውም። የጆሹዋ ቼፕቴጌ የ10,000 ሜትር ሰዓት 26:11.00 ደግሞ ዜሮዎቹ ሲጣሉ 26:11 ብቻ ሆኖ ይቀርና ከአጠገቡ ካለው የቀነኒሳ በቀለ 26:17.53 ጋር ነጥቡ አይገጥምም። የትራክ ውጤት ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ከነጥቡ በኋላ ይኑረው፣ ዜሮም ቢሆን። ማራቶንና ሌላ የጎዳና ሩጫ በተቃራኒው ሙሉ ሰከንድ ነው፤ በደንቡ 2:09:44.32 የተለካ ሰዓት ወደ ላይ ተጠጋግቶ 2:09:45 ይመዘገባል፣ ስለዚህ «2:09:45.00» ብሎ መጻፍ ያልተለካን ነገር መጨመር ነው።

ኤክሴል የእግር ኳሱንም አይምርም። «2-1» ብላችሁ ስትጽፉ ቀን ያደርገዋል፤ «0-0» ግን ዜሮ የሚባል ወርም ቀንም ስለሌለ እንዳለ ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ውጤት ደህና ሌላው የተበላሸ ሆኖ ይገኛል፣ ጥፋቱም ቶሎ አይታይም። መድኃኒቱ አሃዙን ከመለጠፋችሁ በፊት ዓምዱን «ጽሑፍ» ማድረግ ነው። ከለጠፋችሁ በኋላ ብትቀይሩት አይመለስም፣ እንደገና መጻፍ ነው።

ሰዓቱ በዳታቤዝ ውስጥ መቀመጥ ያለበት በመቶኛ ሰከንድ ተቆጥሮ እንደ አንድ ሙሉ ቁጥር ነው፦ 27:18.20 ማለት 163820 ነው። በጽሑፍ ከተቀመጠ በቅደም ተከተል ሲደረደር 10:02.00 ከ9:58.10 በላይ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ የሚያነጻጽረው የመጀመሪያውን ፊደል ነውና። በሁለት ነጥብ (፡) የተጻፈ ሰዓት ደግሞ ለኮምፒውተሩ ቁጥር አይደለም፤ ለአንባቢው ስታሳዩ እንደ ልማዳችሁ አድርጉት፣ ውስጥ ግን አይግባ። ሰዓት የሌለው ሯጭ ላይም ተጠንቀቁ። በፓሪስ ኦሎምፒክ ታምራት ቶላ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሲያሻሽል ኤሊዩድ ኪፕቾጌ አቋርጦ ወጥቷል። ባዶውን ቦታ እንደ ዜሮ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ኪፕቾጌን ከታምራት በላይ ያስቀምጠዋል። ላቋረጠ «አቋረጠ»፣ ላልተነሳ «አልጀመረም»፣ ለተሰረዘ «ተሰረዘ» የሚሉ ሁኔታዎች ለብቻቸው ይመዝገቡና ሁልጊዜ ከታች ይሰለፉ። የላቲን ምኅጻራቸውን መገልበጥ አያስፈልግም፣ አማርኛው እኩል አጭር ነው።

አሁን ደግሞ «ማይክሮ ሰከንድ» የሚለውን ቃል። ስፖርት ጋዜጠኞቻችን 27:18.20ን «27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ከ20 ማይክሮ ሰከንድ» ይላሉ፣ ብዙ ገጾችም ይህንኑ የዓምድ ራስጌ አድርገውታል። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ኃይሌ ቴርጋትን በ9 ማይክሮ ሰከንድ ቀደመው ማለት በአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ቀደመው ማለት ነው፣ የትኛውም የፎቶ ፊኒሽ ካሜራ ይህን አይለይም። በእውነቱ የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፣ በመጨረሻው ፍጥነታቸው ከግማሽ ሜትር በላይ። «መቶኛ ሰከንድ» እንበል። ከዚህ ይልቅ ግን ለአንባቢው የሚጠቅመው «ልዩነት» የሚል ዓምድ ነው፦ +0.09። ትዕግስት አሰፋ በፓሪስ በሲፋን ሀሰን የተቀደመችው 2:22:58 በ2:22:55 ነው፤ ሁለቱን ረጃጅም አሃዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀንሱ ከማለት +0:03 ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የአትሌት ስም ላይ የውጭ ገጾች የሚሠሩትን ስህተት እኛ መልሰን ስንገለብጥ ማየት ያስቃል፣ ያሳዝናልም። እነሱ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው እሱን ያጎሉና የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥራሉ። በለንደን ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ወንድሙ ቀነኒሳ አራተኛ ወጡ፤ በ1997 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ አንደኛ፣ እህቷ እጅጋየሁ ሦስተኛ። «ት. ዲባባ» እና «እ. ዲባባ» ብሎ በአማርኛ የሚጽፍ ገጽ የአገሩን ሰው በእንግዳ ዓይን ያያል። ቦታ ከጠበበ የሚቀረው የራስ ስም ነው፣ የሚያጥረው የአባት፦ «ጥሩነሽ ዲ.» እና «እጅጋየሁ ዲ.»። ከዓለም አቀፍ ውጤት ላይ በቀጥታ ስትወስዱ ሁለቱ ስሞች ቦታ ተቀያይረው እንደሚመጡም አስታውሱ። አስመጪው ፕሮግራም ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን መልሶ እንዲገለብጥ አንድ ደንብ ይጻፍለት።

ፍለጋውም የሚወድቀው እዚሁ ነው። «ኃይሌ» ተብሎ የተመዘገበውን አንባቢው «ሀይሌ»፣ «ሃይሌ» ወይም «ሐይሌ» ብሎ ይፈልጋል፣ ገጹም «አልተገኘም» ይላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ራብዓቸውን፤ ሰን ከሠ፤ አን ከዐ፤ ጸን ከፀ ከነዘራቸው አንድ የሚያደርግ የተደበቀ ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ይቀመጥ። በገጹ ላይ የሚታየው ግን ባለቤቱ የሚጽፈው ፊደል ይሁን።

የውድድር መጀመሪያ ሰዓትን በተመለከተ አንድ ደንብ ይበቃል፦ «ሰዓት» የሚለው አሃዝ ያለ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ምሽት»፣ «ሌሊት» አይጻፍ። «10:15» ብቻ ብላችሁ ስትጽፉ ግማሹ አንባቢ በስልኩ አቆጣጠር፣ ግማሹ በእኛ ያነበዋል። የበርሊን ማራቶን በአገሩ 9:15 ላይ ሲነሳ በስልክ አቆጣጠር አዲስ አበባ 10:15 ነው፣ በእኛ ደግሞ ከጠዋቱ 4:15። አሜሪካ ምሥራቅ ላይ የሚደረግ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። የኒውዮርክ ማራቶን የሚካሄደው በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ የሚመልሱት በዚያችው ሌሊት ነው። ቅዳሜ 7 ሰዓት የነበረው ልዩነት እሑድ ጠዋት 8 ይሆናል። ፕሮግራሙ ውስጥ «7 ደምር» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን አንድ ሰዓት ቀድሞ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጠዋል። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) ይመዝገብ፣ ልዩነቱን ከከተማው ስም ላይ ኮምፒውተሩ ያስላው። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለው አንባቢያችሁ ደግሞ የአዲስ አበባውን ሰዓት በትልቁ፣ የስልኩን ሰዓት ከሥሩ በትንሹ ይይ፤ ሳይነገረው ዝም ብሎ የተቀየረ ሰዓት ከሁሉ ይብሳል።

በዩጂን ኦሬገን ከምሽቱ 12:25 የሚጀመር ፍጻሜ እዚህ በማግስቱ ሌሊት 10:25 ነው። ቀኑ የቱ ነው ቢባል አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ «ለእሑድ አጥቢያ»። ምንም ዓይነት ትርጉም ከዚህ አይበልጥምና ተጠቀሙበት።

የቀን መምረጫው 13 ወር ይኑረው። የ2014ቱ የዙሪክ ዳይመንድ ሊግ ፍጻሜ ጳጉሜን 2 እና 3 ላይ ነበር፣ 12 ወር ብቻ ያለው ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ አይችልም። በተቃራኒው «ቶኪዮ 2020»ን የመሰለ የውድድር መጠሪያ ወደ እኛ ዘመን አትቀይሩ፤ ውድድሩ የተካሄደው በ2013 ዓ.ም. ነው፣ ስሙ ግን ስም ነው። ሰሎሞን ባረጋ «በቶኪዮ 2013» ወርቅ አገኘ የሚል አርእስት የሚወለደው ሁሉን አሃዝ ከሚቀይር ማሽን ነው።

ቀጥታ ውጤት የምታሳዩ ከሆነ ሂሳቡን ሥሩ። ከእረፍቱ ጋር 105 ደቂቃ ለሚፈጅ ጨዋታ በየ30 ሰከንዱ መጠየቅ 210 ጊዜ ነው። ውጤቱን ብቻ የያዘች 1 ኪሎባይት ፋይል ብትጠየቅ 210 ኪሎባይት ይሆናል፤ 1.5 ሜጋባይት የሆነው ገጽ በሙሉ በየጊዜው ቢጫን ግን 315 ሜጋባይት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ያለው ውጤት አይጥፋ፣ ነገር ግን ዝም ብሎም አይቁም፦ «ከ67ኛው ደቂቃ ወዲህ አልታደሰም» ይበል። ለማስታወቂያው የሚሆን ቦታ ቁመቱ አስቀድሞ ይከለል፤ አለበለዚያ ዘግይቶ ሲመጣ ረድፎቹን ወደ ታች ይገፋና ጣት ሌላ ነገር ላይ ያርፋል። ግቦችንም በደቂቃ ስትደረድሩ 45+2ን 47 አድርጎ የሚቆጥር ፕሮግራም የመጀመሪያውን አጋማሽ ግብ ከ46ኛው ደቂቃ ግብ በኋላ ያስቀምጣል፤ አጋማሹ ለብቻው ይመዝገብ።

ሁሉን በአንዴ ማድረግ ካልተቻለ፣ በዚህ ሳምንት ፎቶውን በጽሑፍ ሠንጠረዥ ተኩና አጫጭር ስሞቹን ሙሉ። በሚቀጥለው ከትራክ ሰዓቶቹ መጨረሻ የተቆረጡትን ዜሮዎች መልሱ፣ ጠዋትና ምሽቱን ጨምሩ። የማኅደሩ ፎቶዎች ባሉበት ይቆዩ፣ ከእያንዳንዱ በላይ ግን የስንተኛ ሳምንት እንደሆነ ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ ገጽ ገጽታ ንድፍ ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ